አሮጌ አነስተኛ የሞተር ጀልባን መጠገንና ማሻሻል፦ ለሐይቅ ላይ ጀልባ ባለንብረቶች የቀረበ ማብራሪያ

በጣና፣ በሐዋሳ፣ በዝዋይ፣ በጫሞና በሌሎች የአገራችን ሐይቆች ላይ ሰውና ዕቃ ከሚያመላልሱ አነስተኛ የሞተር ጀልባዎች መካከል ቁጥራቸው ቀላል የማይባል ከአንዱ ባለንብረት ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ናቸው። እነዚህ ጀልባዎች ለባለንብረቱ የዕለት ገቢ ሲሆኑ፣ ለደሴትና ለሐይቅ ዳርቻ ነዋሪው ደግሞ ወደ ገበያና ወደ ሕክምና የሚወስዱ መንገዶች ናቸው። በመሆኑም አረጁ ተብለው በአንድ ጊዜ የሚተኩ አይደሉም፤ እየተጠገኑና እየተሻሻሉ አገልግሎታቸውን ይቀጥላሉ።

የዚህ ማብራሪያ ዓላማ ባለንብረቱ ለጥገናና ለማሻሻያ የሚመድበውን ውሱን ገንዘብ በምን ቅደም ተከተል ቢያወጣው ጀልባውም ተሳፋሪውም እንደሚጠበቁ ማሳየት ነው። የሚመለከተው ከኋላው ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል የቤንዚን ሞተር የተገጠመላቸውን አነስተኛ ጀልባዎች ነው። አብዛኛው ምሳሌ ከጣና ሐይቅ የተወሰደ ቢሆንም በሌሎቹ ሐይቆችም ላይ የሚሠራ ነው።

ከባለንብረቶች ተደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ «ሞተሩን ከፍ ባለ ጉልበት ብለውጠውስ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ የሚጠየቅ አይደለም። በአሮጌ ጀልባ ላይ አስቀድመው መልስ ማግኘት ያለባቸው ሦስት ጉዳዮች አሉ፤ ውኃ በየት በኩል ሊገባ ይችላል? እሳት በየት በኩል ሊነሣ ይችላል? ተሳፋሪ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ በምን ይንሳፈፋል? ለእነዚህ አጥጋቢ መልስ የሌለው ጀልባ ላይ አዲስ ሞተር መግጠም ጀልባውን ወደ አደጋው ቶሎ እንዲደርስ ማድረግ ነው።

ጀልባውን ከውኃ አውጥቶ መመርመር

ማንኛውም ጥገና የሚጀምረው ጀልባውን ከውኃ አውጥቶ፣ አጥቦና በሚገባ አድርቆ በመመልከት ነው። ጀልባው ታስሮ ሳለ የሚደረግ ፍተሻ ከውኃ በታች ያለውን ክፍል፣ ማለትም ዋናውን፣ አያሳይም።

በብረት ላሜራ የተሠራ ጀልባ ሲሆን ዝገቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነው። የዝናብ ውኃ፣ ጭቃና የፈሰሰ ዘይት ከእግር መርገጫው ሥር ተከማችተው ስለሚቆዩ ላሜራውን በዚያ በኩል ይበሉታል። የእግር መርገጫው ተነሥቶ ሥሩ ካልታየ ምርመራ ተደርጓል ለማለት አይቻልም። በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ጠቃሚ ነው፤ ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የሳሳው ደግሞ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፣ አልፎ አልፎም ይጎደጉዳል። የእንጨት ጀልባ በሾለ ብረት ይፈተሻል፤ ብረቱ ያለ ብዙ ኃይል ከገባ እንጨቱ በስብሷል። የፋይበርግላስ ጀልባ ሆዱ ላይ የተነፉ ነጠብጣቦችና ከማዕዘን የሚነሡ ስንጥቆች ይፈለጋሉ። እንደ ፀጉር የቀጠነ የላይ ቅባት ስንጥቅ ብዙ አያስጨንቅም፤ ሲጫኑት የሚከፈትና የሚዘጋ ስንጥቅ ግን ያስጨንቃል።

ከሁሉም በላይ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ሞተሩ የሚንጠለጠልበት የኋላ ግድግዳ ነው። በብዙ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ይህ ግድግዳ በሁለት የፋይበር ሽፋን መካከል የገባ ኮምፔንሳቶ ነው። የሞተሩ ቡሎኖች በሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ውኃ ቀስ በቀስ እየሰረገ ይገባና እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ግድግዳው ቀለም የተቀባና ያማረ ሊሆን ይችላል። ቀላል የመፈተሻ ዘዴ አለ። ጀልባው በየብስ ላይ እንዳለ ሞተሩን ወደ ላይ አንሥቶ መቆለፍና በሞተሩ ላይ በእጅ ወደ ታች መጫን ነው። ግድግዳው ከተነቃነቀ ወይም በቡሎኖቹ ዙሪያ ቡናማ ውኃ ከወጣ ውስጡ ሄዷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ግድግዳ ረዘም ባለ ቡሎን ማጥበቅ ወይም በላዩ ላሜራ መለጠፍ ጥገና አይባልም፤ የበሰበሰው እንጨት ወጥቶ እንደገና መሠራት አለበት። ከተሠራ በኋላ ቡሎኖቹ በሚገቡበት ጊዜ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለጀልባ በተዘጋጀ ማሸጊያ መታተም ይኖርበታል። ይህ ሥራ ወጪው ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ሞተር ከነግድግዳው ተገንጥሎ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ከሚደርሰው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ከወንበሮች ሥርና ከጀልባው አፍንጫ ውስጥ የሚገኘው የአረፋ ፕላስቲክ የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም። ጀልባው በውኃ ቢሞላ እንኳ ተሳፋሪዎች የሚይዙት ነገር እንዲኖር ከሐይቁ በላይ አቆይቶ የሚይዘው እሱ ነው። የዕቃ ማስቀመጫ ለማግኘት ሲባል አረፋውን አውጥቶ መጣል በተግባር የሚታይ ስሕተት በመሆኑ በጥብቅ ሊወገድ ይገባል። ውኃ ጠጥቶ የከበደ አረፋ ደግሞ በአዲስ ይተካል።

ከውጭ አገር በመጡ ሞተሮች ላይ የሚዘነጋ አንድ ትንሽ ነገር አለ። በሞተሩ የታችኛው ክፍል ላይ በቡሎን የታሰረ የብረት ቁራጭ ይገኛል፤ ሥራው ሌላው የሞተሩ አካል በውኃ ውስጥ እንዳይበላ ራሱ በምትኩ መበላት ነው። ለባሕር የተዘጋጁ ሞተሮች ላይ ይህ ቁራጭ ብዙ ጊዜ የዚንክ ነው። ዚንክ ግን በጨው አልባ ውኃ ውስጥ በላዩ ላይ ሽፋን ስለሚያበጅ ሥራውን ያቆማል። በጣና ላይ ለሚሠራ ሞተር የሚመረጠው የማግኒዚየም ነው። ቁራጩ ግማሽ ያህሉ ሲያልቅ ይለወጣል፤ ቀለም ፈጽሞ አይቀባም።

የገባ ውኃን ማውጣት

ብዙ ባለንብረቶች የኤሌክትሪክ ውኃ ማውጫ ፖምፓ ከገጠሙ በኋላ ስለ ቀዳዳ ማሰብ ያቆማሉ። ስለዚህ ጥቂት ስሌት መሥራት አስፈላጊ ነው። ስፋቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከውኃው ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ ቀዳዳ በደቂቃ ከ40 ሊትር በላይ ውኃ ያስገባል። ይህም በየደቂቃው ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጀልባው ውስጥ እንደ መገልበጥ ነው። በሰዓት 2,000 ሊትር ያወጣል ተብሎ የሚሸጥ ፖምፓ በደቂቃ ሲሰላ 33 ሊትር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የተለካው ውኃውን ወደ ላይ ሳይገፋና ባትሪው ሙሉ ሆኖ ነው። በጀልባ ላይ ሲገጠም፣ ቱቦው ከፍታና መታጠፊያ ስለሚኖረው፣ ከተጻፈበት መጠን ብዙ ዝቅ ያለ ነው የሚያወጣው።

ከዚህ የሚወሰደው ነገር ፖምፓ አያስፈልግም የሚል አይደለም። ፖምፓው ለዝናብ፣ ለማዕበል ፍንጣሪና ለአነስተኛ ስርገት ይጠቅማል፤ ሰው በሌለበት ጊዜ በራሱ የሚነሣበት ተንሳፋፊ ማብሪያ ቢኖረው ደግሞ ይመረጣል። ለእውነተኛ ቀዳዳ ግን በጀልባው ውስጥ ዘወትር መኖር ያለባቸው ነገሮች ርካሽ ናቸው፤ በገመድ የታሰረ ጠንካራ ባልዲ፣ በተለያየ ውፍረት የተጠረቡ የሾሉ የእንጨት ውታፎች፣ ጨርቅና መዶሻ። ሁለት ባልዲ የያዙ ሁለት ሰዎች ከብዙዎቹ ትናንሽ ፖምፓዎች የበለጠ ውኃ ያወጣሉ። የማስወጫ ቱቦው አፍም ጀልባው ሙሉ ጭነት ይዞ ከሚቀመጥበት የውኃ መስመር በላይ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ዝቅ ካለ ፖምፓው ሲቆም ውኃው በዚያው ተመልሶ ይገባል።

ሞተሩና ከፍታው

የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ወደ አገራችን የሚገቡት ሞተሮች ጉልበት የሚለካው ግን በባሕር ወለል ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል። 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ሞተር ባሕር ዳር ላይ የሚሰጠው ከ32 ወይም ከ33 ብዙም አይበልጥም። ይህ የሞተሩ ጉድለት አይደለም፤ ስለዚህም በጥገና ብዛት የሚመለስ አይደለም። ብዙ ጊዜ «ሞተሩ ደክሟል» ተብሎ ፒስቶኔ የሚለወጥለትና ገንዘብ የሚባክንበት ሞተር ጤነኛ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩ ደክሟል ከማለት በፊት የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት በመለኪያ ይታይ። ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ከተቀራረቡ ችግሩ ሌላ ቦታ ይፈለጋል፤ አንዱ ከሌላው ከ15 በመቶ በላይ ከወረደ ግን ሞተሩን መፍታት ተገቢ ይሆናል።

ለከፍታው የሚደረገው ማስተካከያ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ካርቡራቶሩን ይመለከታል። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ስለሚበዛ ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ሊትሩም ይጨምራል፤ አምራቹ ለከፍታ ቦታ ባዘጋጀው አነስተኛ የነዳጅ ማሳለፊያ መለወጥ ይህን ያቃልላል። ሁለተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው ፕሮፔለሩ ነው። ፕሮፔለር በአንድ ዙር ወደ ፊት ሊጓዝ የሚገባው ርቀት በላዩ ላይ በኢንች ተጽፎ ይገኛል። ለባሕር ወለል የተመረጠው ፕሮፔለር በከፍታ ቦታ ለሞተሩ ይከብደዋል፤ ሞተሩ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶለትም በአምራቹ መመሪያ ከተጻፈው የዙር መጠን አይደርስም። ለምሳሌ መመሪያው በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር የሚል ሆኖ ሞተሩ ሙሉ ጭነት ይዞ 4,000 ላይ የሚቆም ከሆነ እንደ ታነቀ ነው የሚሠራው፤ ይሞቃል፣ ጥቀርሻ ያጠራቅማል፣ ዕድሜው ያጥራል። ርቀቱ በአንድ ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ዙሩን በግምት ከ150 እስከ 200 ከፍ ያደርገዋል። አንድ ፕሮፔለር መለወጥ አንድ ሞተር ከመለወጥ እጅግ የረከሰ በመሆኑ «ጉልበት አነሰኝ» ለሚል ባለንብረት የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር ይህ ነው። የዙር መቁጠሪያ መሣሪያም በአሮጌ ጀልባ ላይ ቢጨመር ወጪውን ከሚመልሱ ጥቂት ዕቃዎች አንዱ ነው።

ባለ 2 ስትሮክ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። የተለመደው መጠን 50 ለ 1 ሲሆን ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው፤ ሆኖም ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የሞተሩ መመሪያ ይቀድማል። ዘይቱ በውኃ ለሚቀዘቅዙ የጀልባ ሞተሮች የተዘጋጀ፣ በጣሳው ላይ ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል ምልክት ያለበት ይሁን። የመኪና ሞተር ዘይት ለዚህ የተሠራ ባለመሆኑ ካንዴላና የጭስ ማውጫ ይደፍናል። በዓይን መጠን ማቀላቀል፣ «ትንሽ በዛ ቢል ምን አለ» ማለትም ቢሆን፣ ሞተሩን ከሁለቱ በአንዱ መንገድ ይጎዳዋል።

ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውኃ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ የሚፈነጥቀው ቀጭን የውኃ ጅረት ማቀዝቀዣው መሥራቱን የሚያሳይ ምልክት በመሆኑ ጀልባ ነጂው ሞተሩን ካስነሣ በኋላ መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው እሱን ነው። ጅረቱ ከቀነሰ ወይም ከሞቀ፣ ሞተሩ ይጠፋና የውኃ ማስገቢያው ይታያል፤ በጣና ላይ እምቦጭና የፕላስቲክ ከረጢት ብዙ ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው። ውኃውን የሚስበው ፖምፓ በውስጡ የጎማ ክንፍ አለው። በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወደ ሐይቁ የሚያስገቡት ደለል ይህን ጎማ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ንጹሕ ውኃ ላይ ሁለት ዓመት ሊቆይ የሚችል ክንፍ በወንዝ መግቢያ አካባቢ ለሚሠራ ጀልባ በየዓመቱ ቢለወጥ ይሻላል። ሞተሩን ያለ ውኃ በየብስ ላይ ለጥቂት ሰከንድ እንኳ ማስነሣት ይህን ጎማ ያቃጥለዋል።

የታችኛው ካምቢዮ ዘይት በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ ይለወጣል። ሲፈስ ቀለሙ እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ውኃ ገብቷል። በጣና ላይ የዚህ ዋነኛ ምክንያት የዓሣ መረብ ነው፤ የተጣለ የፕላስቲክ መረብ ክር በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ይጠመጠምና ከፕሮፔለሩ ኋላ ተደብቆ የዘንጉን ፓራኦሊዮ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ፕሮፔለሩ በወር አንድ ጊዜ ተፈትቶ ዘንጉ ይጸዳል፤ ሲገጠምም በውኃ የማይታጠብ ግራሶ ይቀባል። የአንድ ፓራኦሊዮ ዋጋ ከሙሉ ካምቢዮ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ቤንዚንና እሳት

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። በመኪና ሥር ቢፈስ ነፋስ ይዞት ይሄዳል፤ በጀልባ ውስጥ ግን ጀልባው ራሱ እንደ ሳህን ስለሆነ ትነቱ ከእግር መርገጫው ሥር ተኝቶ ይጠብቃል። አንድ የባትሪ ብልጭታ ወይም አንድ ሲጋራ ይበቃዋል። በዚህ ምክንያት ተንቀሳቃሽ ሰርባቶዮ የሚሞላው ከጀልባው ወጥቶ፣ ተሳፋሪ ሳይገባ፣ በየብስ ላይ ነው። ቋሚ ሰርባቶዮ የተገጠመለት ጀልባ ከተሞላ በኋላ መርገጫውና ክዳኖቹ ተከፍተው ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ አየር ይገባለታል፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊትም በአፍንጫ ይሸተታል። የሰው አፍንጫ ከብዙ መሣሪያ የበለጠ ቤንዚን ያውቃል።

የነዳጅ ቱቦ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ስለሚያረጅ ዕድሜው በዓይን አይለይም። በተለይ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ለቀድሞው ዓይነት ጎማ አይስማማም፤ ቱቦውን ያለሰልሰዋል፣ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ውኃውም ሰርባቶዮው ሥር ይቀመጣል። ሲያጥፉት የሚሰነጠቅ፣ ሲጨብጡት እንደ ድድ የሚለሰልስ ወይም ሲነኩት እጅ ላይ ሽታ የሚተው ቱቦ ሁሉ ለነዳጅ ተብሎ በተሠራ ቱቦ ይለወጥ፤ የአትክልት ማጠጫ ጎማ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ለዚህ አይሆንም። መያዣዎቹ ደግሞ የማይዝግ ብረት ፋሸታ ይሁኑ። በሰርባቶዮውና በሞተሩ መካከል ውኃን ከቤንዚን የሚለይ ፊልትሮ መጨመር በአሮጌ ጀልባ ላይ ከሚደረጉ ማሻሻያዎች መካከል በአነስተኛ ወጪ ብዙ የሚጠቅም ነው። ቤንዚን በጀሪካን እየተጓጓዘ በሚሞላበት ቦታ ደግሞ ያለ እሱ መሥራት አይመከርም፤ ሐይቁ መካከል የሚጠፋ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በውኃና በቆሻሻ ነው።

የእሳት ማጥፊያው ከሞተሩና ከሰርባቶዮው አጠገብ አይቀመጥ፤ እሳቱ እዚያ ሲነሣ ማጥፊያውን ለማውጣት እሳቱ ውስጥ እጅን ማስገባት ይሆናልና። ነጂው በአንድ እርምጃ የሚደርስበት ቦታ ይመረጥ፤ የዱቄት ዓይነት ከሆነ ዱቄቱ እንዳይጋገር በየወሩ ተገልብጦ ይነቅነቅ።

ኤሌክትሪክ

አሮጌ ጀልባ በየዘመኑ የገባው ባለንብረት አንድ አንድ ሽቦ ስለሚጨምርበት የኤሌክትሪክ መስመሩ መጨረሻ ላይ ማንም የማያውቀው ይሆናል። መብራት፣ ፖምፓ፣ የስልክ ቻርጀርና ሬዲዮ ሁሉ ከአንዱ የባትሪ ራስ ላይ ተጠምጥመው ይገኛሉ። እንዲህ ባለው ጀልባ ላይ አዲስ ዕቃ ከመጨመር በፊት የቆየውን ሽቦ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ እንደገና መዘርጋት ይቀላልም ይረክሳልም። ባለ አንድ ወፍራም የመዳብ ዘንግ የሆነው የቤት ሽቦ በንዝረት ስለሚሰበር አይሆንም፤ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ይመረጣል፣ ክሮቹ በቆርቆሮ ቅብ የነጡ ከሆኑ ደግሞ የበለጠ ነው።

ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ስለዚህ ቦታው ከባትሪው አጠገብ፣ ቢበዛ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ነው፤ ከዕቃው አጠገብ የተቀመጠ ፊውዝ በመካከል ያለው ሽቦ ተላልጦ ሲገናኝ ምንም አይሠራም። የተቃጠለ ፊውዝን በሲጋራ ወረቀት ወይም በሽቦ ቁራጭ መተካት በቤንዚን ትነት ላይ ክብሪት እንደ ማዘጋጀት ይቆጠራል።

ባትሪው በማሰሪያ ተይዞ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ራሶቹ ይሸፈኑ። ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት የሚያሳይ ባትሪ ሙሉ ነው፤ 12 ቮልት የሚያሳይ ደግሞ ከሩብ ያህሉ ብዙም አልቀረውም። የቀድሞ አምፖሎችን በኤልኢዲ መለወጥ የባትሪውን ፍጆታ ብዙ እጥፍ ስለሚቀንስ ትልቅ ባትሪ ከመግዛት ይቀድማል። የጉዞ መብራቶች ሲለወጡ አቀማመጣቸው አይዛነፍ፤ ቀዩ በጀልባው ግራ፣ አረንጓዴው በቀኝ፣ ነጩ ከኋላ ወይም ከሁሉም አቅጣጫ በሚታይ ከፍታ ላይ ነው። በማንኛውም ቀለም የሚበሩ የጌጥ መብራቶችን ከጉዞ መብራቶች ጋር ማቀላቀል በጨለማ ሌላውን ጀልባ ያሳስታል።

የማሻሻያ ዋጋ በኪሎ

አሁን ወደ ትልቁ ሞተር ጥያቄ መመለስ ይቻላል። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 2 ስትሮክ ሞተር ከ70 እስከ 80 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ተመሳሳይ ጉልበት ያለው ባለ 4 ስትሮክ ግን ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። ባለ 4 ስትሮኩ ዘይት አያቃጥልም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ከካርቡራቶር ጋር የሚሠራው ቀድሞው ባለ 2 ስትሮክ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው የሚያስወጣውን ቤንዚንም ያድናል። ያ ያልተቃጠለ ቤንዚንና ዘይት የሚገባው ሐይቁ ውስጥ ነው፤ ጣና ደግሞ ዓሣ የሚጠመድበትና በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ነው። በነዳጅ ብቻ ሲታይ ለውጡ የሚደገፍ ነው።

ነገር ግን የጨመረው ክብደት በጀልባው ጫፍ ላይ የሚያርፍ ነው። ኋላው ዝቅ ሲል የግድግዳው ጠርዝ ወደ ውኃው ይቀርባል፤ ጀልባው በድንገት ሲቆም ከኋላ የሚመጣው የራሱ ማዕበል በዚያ በኩል ይገባል። በሞተሩ ላይ ተጨማሪ 25 ኪሎ፣ ለባትሪ 20 ኪሎ፣ ለብረት ዳስ 40 ኪሎ ሲደመር 85 ኪሎ ይሆናል። ይህ ከአንድ ሰው በላይ ነው። ስለዚህ ማሻሻያ የተደረገለት ጀልባ ቀድሞ ሲጭን ከነበረው ተሳፋሪ ቢያንስ አንዱን መቀነስ አለበት፤ ይህን ሒሳብ ሠርቶ ወንበር ያነሣ ባለንብረት ግን እምብዛም አይገጥምም። ዳስ ከክብደቱ በተጨማሪ ከፍታ ላይ ስለሚቀመጥና ነፋስ ስለሚይዝ ጀልባውን ለመገልበጥ ያቀርበዋል። ጣና ጠዋት ረጋ ብሎ ከሰዓት በኋላ ነፋስ የሚነሣበት ሐይቅ በመሆኑ፣ ጠዋት ወደ ገዳማት ሲሄድ ያልታወቀው ጉድለት የሚገለጠው በመልሱ ጉዞ ላይ ነው። ዳስ የሚያስፈልግ ከሆነ ከብረት ይልቅ ቀላል የአልሙኒየም ቱቦና በነፋስ ጊዜ የሚጠቀለል ሸራ ይመረጥ።

በጀልባው ላይ አምራቹ የለጠፈው ከፍተኛ የሞተር ጉልበትና የጭነት መጠን የሚገልጽ ሰሌዳ ካለ ያ ገደብ አይታለፍ። ከፍታው ጉልበቱን ይቀንሰዋል ተብሎ ከገደቡ በላይ የሆነ ሞተር መግጠም አያዋጣም፤ ጉልበቱ ቢቀንስም ክብደቱ አይቀንስምና። ሰሌዳ የሌለው ከሆነ ጀልባው ሙሉ ጭነቱን በሚያክል የአሸዋ ከረጢት ተጭኖ፣ ዳርቻ ላይ፣ ከጠርዙ እስከ ውኃው ያለው ርቀት በፊትም በኋላም ይለካ። ልኬቱ ከማሻሻያው በፊትና በኋላ ሁለት ጊዜ ተወስዶ ይጻፍ።

ትልቅ ወይም ትንሽ፣ ማንኛውም ሞተር ከነጂው አካል ጋር የሚታሰር የማጥፊያ ገመድ ሊኖረው ይገባል። ነጂው ቢወድቅ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩን ያጠፋዋል። ገመዱ ተበጥሶ ማብሪያው በሽቦ ታስሮ የሚሠራ ከሆነ፣ ነጂ የሌለው ጀልባ በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ተመልሶ ወደቀው ሰው ላይ ሊመጣ ይችላል።

የሕይወት አድን ጃኬትን በተመለከተ አጭር ነገር እንበል። አረፋው የተጨማደደ፣ ውኃ የሚጠጣ ወይም ማሰሪያው የተበጠሰ ጃኬት ቁጥር ለማሟላት አይቆጠርም። በየዓመቱ አንድ አዋቂ ሰው ለብሶት ጥልቀት በሌለው ውኃ ይፈተሽ። ለሕፃናት የአዋቂ ጃኬት ከአንገታቸው ሾልኮ ስለሚወጣ በልካቸው መኖር አለበት። በጋዝ የሚነፋው ዓይነት ምቹ ቢሆንም የጋዝ ቆርቆሮው በጊዜው ካልተተካ ከንቱ ስለሚሆን፣ ለሕዝብ ማመላለሻ አረፋ ያለው ይመረጣል። ጃኬቱ ደግሞ ከመነሻው ላይ የሚለበስ እንጂ ከወንበር ሥር ታስሮ የሚጓዝ አይደለም።

መቼ ይሠራ፣ ምን ይጻፍ

ዋናው ጥገና የሚመቸው በክረምት፣ ተጓዡ በሚቀንስበት ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ግን በግንቦትና በሰኔ የሐይቁ ውኃ ዝቅ ሲል ድንጋዮች ስለሚቀርቡ ፕሮፔለሩና ዘንጉ በተለይ በዚያ ወቅት ይመታሉ፤ ስለዚህ የክረምቱ ምርመራ የዘንጉን ቀጥ ማለት ይጨምር። ከወር በላይ የሚቆም ሞተር ካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይፈስለት፤ ባትሪው ይነቀልና በየወሩ ይሞላ፤ ጀልባው የዝናብ ውኃ እንዳያጠራቅም መውረጃ ቡሹ ተከፍቶ አፍንጫው ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ቡሹን ሞተሩ መሪ ላይ ማሰር ልማድ ቢሆን መልካም ነው፤ በመስከረም መጀመሪያ ጉዞ ላይ ተከፍቶ ተረስቶ ውኃ የሚያስገባው ይኸው ቡሽ ነውና።

እያንዳንዱ ሥራ በአንድ ደብተር ላይ ቀኑ፣ የሞተሩ የሥራ ሰዓት፣ የተለወጠው ዕቃና የመካኒኩ ስም ይጻፍ። ሞተር፣ ዳስ ወይም የወንበር ቁጥር የሚለወጥ ከሆነ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ጀልባዎን የመዘገበውን አካል ያማክሩ፤ በመዝገብ ላይ የሰፈረው የሞተር ቁጥርና በጀልባው ላይ ያለው ሳይጣጣሙ ሲቀሩ በምርመራ፣ በካሣና በሽያጭ ጊዜ የሚቸገሩት ባለንብረቱ ራሳቸው ናቸው። ለምርመራ ሲቀርቡ ደብተሩን፣ የአዲሱን ሞተር የግዢ ደረሰኝና ከላይ የተገለጸውን የጠርዝ ልኬት ይዘው ይምጡ።